ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም



ሰሞኑን ሶዶ ውስጥ ከጥቂት ወዳጆቼ ጋር ቡና ይዘን እንደተቀመጥን የተለመደው ጨዋታ ተነሣ። ወደብ፣ አሰብ፣ ጦርነት። ከመካከላችን አንዱ፣ የተማረና ታሪክም የሚያነብ ሰው፣ ክርክሩን በአንድ ንግግር ሊዘጋው ፈለገ። «ውል ማለት ወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ ጥይት አይመልስም። የ1920ውን የኢጣልያ ውል ረሳችሁት?» አለ። በጠረጴዛው ዙሪያ የነበረው ሁሉ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ዝም አልኩ። ቤቴ ገብቼ ሳሰላስለው ግን ዝምታዬ ቆጨኝ፤ ወዳጄ ለምስክርነት የጠራው ታሪክ የሚመሰክረው ለእርሱ ሳይሆን በእርሱ ላይ ነውና።

ያን ዕለት ያልሰጠሁትን መልስ ዛሬ እሰጣለሁ። ወዳጄ ይቅር ይበለኝ እንጂ ስሙን አላነሣም፤ አስተሳሰቡ የእርሱ ብቻ አይደለምና። «ውል ወረቀት ነው» የሚለው ብሂል በአገራችን የብልህ ሰው አነጋገር ሆኖ ከተቆጠረ ቆይቷል። እኔ ደግሞ የብልህ ሳይሆን የሰነፍ አነጋገር ነው እላለሁ።

ውሉ ምን ይል ነበር?

ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አልጋ ወራሽና ባለሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ራስ ተፈሪ መኰንን እና የኢጣልያው ሚኒስትር ጁሊያኖ ኮራ የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ኢጣልያ በዚያን ጊዜ ለእኛ ከባሕር ማዶ ያለች ሩቅ አገር ብቻ አልነበረችም። በሰሜን ኤርትራን፣ በደቡብ ምሥራቅ ሶማሊያን ይዛ በሁለት በኩል ድንበርተኛችን ነበረች። ስለዚህ ውሉ የጎረቤት ውል ነበር።

ዘመኑ 20 ዓመት ነው። በሁለቱ መንግሥታት መካከል የማያቋርጥ ሰላምና ወዳጅነት እንዲኖር ይደነግጋል። አንዱ መንግሥት የሌላውን ነፃነት የሚጎዳ ተግባር በማናቸውም ምክንያት እንዳይፈጽም ይከለክላል። አምስተኛው አንቀጽ ደግሞ በመልእክተኞች ንግግር ያልተቋጨ ክርክር ቢነሣ ሁለቱም ወገኖች ወደ ጦር መሣሪያ ሳይሄዱ በዕርቅና በግልግል ዳኝነት እንዲጨርሱት ያስገድዳል።

ከዋናው ውል ጋር አንድ ተጨማሪ ስምምነት ተፈርሟል። እርሱም ከአሰብ እስከ ደሴ የመኪና መንገድ እንዲሠራ፣ ኢትዮጵያም በአሰብ ወደብ ነፃ ቀጣና ለ130 ዓመት እንዲኖራት የሚል ነው። ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ። 1920 ላይ 130 ሲደመር 2050 ይሆናል። ያ ስምምነት ተከብሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በየቡና ቤቱ የምንጨቃጨቅበት መብት ገና ዘመኑ አላለቀም ነበር። ስለ አሰብ ይህን ያህል የሚናገር ትውልድ አሰብ አንድ ጊዜ ያለ አንዲት ጥይት በወረቀት ተሰጥታው እንደነበር አለማወቁ ያስገርማል።

ውል መቼ ይሞታል?

አብዛኞቻችን የ1920ው ውል የፈረሰው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የደ ቦኖ ጦር መረብን ሲሻገር ነው ብለን እናምናለን። ተሳስተናል። ያን ዕለት የተቀበረው አስቀድሞ የሞተ ውል ነው።

እስቲ ከአገር ቤት ምሳሌ ልውሰድ። በወላይታ ገጠር ላሙን ለጎረቤቱ ሰጥቶ እንዲያረባለት፣ ቅቤውንና ጥጃውን ሊካፈል የተዋዋለ ገበሬ፣ ውሉ የፈረሰው ላሟ የተሸጠች ቀን ነው አይላችሁም። የመጀመሪያው ዓመት ቅቤ ሳይመጣ የቀረ ዕለት ውሉ መታመሙን ያውቃል። ያን ዕለት ሽማግሌ ካልጠራ ላሟም እንደማትመለስ ያውቃል። የእኛ ፖለቲከኞችና የእኛ ምሁራን ግን ይህን የገበሬ ዕውቀት አልታደሉትም።

የ1920ው ውል ቅቤ የአሰብና የደሴ መንገድ ነበር። መንገዱ በስምምነቱ መሠረት አልተሠራም። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባናል፤ መንገዱን ያጓተተችው ኢጣልያ ብቻ አልነበረችም። የእኛም መንግሥት የንግድ መንገድ ተብሎ የተጠረገው የጦር መንገድ ይሆናል ብሎ ፈራ። ፍርሃቱ መሠረት የሌለው እንዳልነበር በኋላ ታይቷል። ዳሩ ግን ሁለቱም ዝም ተባብለው፣ አንዱም ሌላውን በአምስተኛው አንቀጽ መሠረት ወደ ግልግል ሳይጠራ፣ ዓመታት አለፉ። ኢጣልያም በ1927 ዓ.ም. ማብቂያ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቀርባ «ኢትዮጵያ የገባችውን ግዴታ አልፈጸመችም» ብላ ስትከስ፣ ያ ያልተሠራ መንገድ ለከሳሹ መሣሪያ ሆነለት።

ሮማ በበኩሏ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ማርሻል ኤሚልዮ ደ ቦኖ ጦርነቱ እንዳበቃ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሙሶሊኒ ራሱ መቅድም በጻፈለት መጽሐፍ፣ ስለ ወረራው ከአለቃው ጋር መመካከር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1933 መሆኑን ያለ አንዳች ኀፍረት ተርኮታል። ከወልወል በፊት ማለት ነው። የ20 ዓመቱ ውል ገና አምስተኛ ዓመቱን እንደያዘ ከተዋዋዮቹ አንዱ መቃብሩን ይቆፍር ነበር።

ከዚያ ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ ግጭት ተነሣ። ወልወል የ1900ውን የድንበር ውል ለሚያነብ ሁሉ በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ ያለች ቦታ ነበረች። የኢትዮጵያ መንግሥት በቀናት ውስጥ አምስተኛውን አንቀጽ ጠቅሶ ግልግል ጠየቀ። ኢጣልያ እምቢ አለች። ይቅርታ ይጠየቅልኝ፣ ካሣ ይከፈለኝ፣ ለባንዲራዬም ሰላምታ ይሰጥልኝ ብላ መለሰች። ያን ቀን ውሉ ሞተ። ዘጠኝ ወር የፈጀው የጄኔቭ ክርክር የአስከሬን ምርመራ ነበር።

ዋሶቹስ?

ወዳጄ ይህን ቢሰማ «እኔስ ያልኩት ይህንኑ አይደል?» ይለኝ ይሆናል። አይደለም። ተዋዋዩ ካደ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ወረቀቱ ከንቱ ነበር ማለት ሌላ ነገር ነው። የጠፋው ወረቀት ሳይሆን ዳኛ ነው።

በታኅሣሥ 29 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ እኛ ገና ስናከብር፣ የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፒየር ላቫል ሮማ ላይ ከሙሶሊኒ ጋር ስምምነት ተፈራረመ። ላቫል ሙሶሊኒን ከሂትለር ለመነጠል ሲል በኢትዮጵያ እጁን ፈታለት። ዋስ የሆነ ሰው የተበዳሪውን ንብረት ከአበዳሪው ጋር ሲከፋፈል ምን ይባላል?

በ1922 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ኢጣልያና ኢትዮጵያ ስለ ጦር መሣሪያ ንግድ የተፈራረሙት ውል ነበር። ኢትዮጵያ መሣሪያ እንድትገዛ መንገድ የሚከፍት ነው ተብሎ ነበር። ጦርነቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ግን የመሣሪያ ፈቃዱ ተከለከለ፤ «ለሁለቱም ወገን እኩል» ተባለ። መሣሪያውን በራሷ ፋብሪካ ለምትሠራው ለኢጣልያና ከውጭ ካልገዛች ጥይት ለሌላት ለኢትዮጵያ እኩል!

ከዚያም ማዕቀቡ መጣ። ኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ነዳጅ ግን አልተካተተበትም። የሱዌዝ ቦይም ለኢጣልያ መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ። በዚያው ወር መጨረሻ የእንግሊዙ ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል ኢትዮጵያን ቆርሰው ለኢጣልያ የሚሰጡበትን ዕቅድ በምስጢር አዘጋጁ፤ ምስጢሩ በጋዜጣ ቢወጣ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቆጣ፣ ሆርም ሥልጣኑን ለቀቀ። ልብ በሉ! ዕቅዱን ያከሸፈው ጦር አልነበረም። በአደባባይ መነበቡ ብቻ ነበር።

ወረቀቱ የሠራው ሥራ

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልግባ። ያ «ከንቱ ወረቀት» ምን ሠራ?

አንደኛ፣ ወራሪው ማን እንደሆነ አከራካሪ እንዳይሆን አደረገ። ንጉሠ ነገሥቱ ጦራቸውን ከድንበሩ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ እንዲሸሽ አዝዘው ነበር። ይህን ውሳኔ የዋህነት ነው የሚሉ አሉ። በጦር ሜዳ ረገድ ዋጋ ማስከፈሉን አልክድም። ነገር ግን የመንግሥታቱ ማኅበር ምክር ቤት ኢጣልያ ቃል ኪዳኑን ጥሳ ጦርነት ከፍታለች ብሎ መስከረም 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ለመወሰን አራት ቀን ብቻ የፈጀበት በዚህ ምክንያት ነው። ከ54ቱ አባል መንግሥታት 50ዎቹ ፍርዱን ተቀበሉት። ያን ያህል አገር በአንድ ድምፅ «የተበደለችው ኢትዮጵያ ናት» ያለው ስለ ወደደን አይደለም፤ ወረቀቱ በእጃችን ስለነበረ ነው።

ሁለተኛ፣ ወረራው ሕጋዊ ርስት እንዳይሆን ከለከለ። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላ ብዙ መንግሥታት የኢጣልያን ግዛት ዐወቁ። ያላወቁም ነበሩ። ሜክሲኮ አንዷ ናት። አዲስ አበባ ውስጥ በሜክሲኮ አደባባይ የምታልፉ ሁሉ ስሙ ከየት እንደመጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ሜክሲኮ ከእኛ ጋር የቆመችው በጦር አልነበረም። «ውል ፈርሷል፤ በፈረሰ ውል የተገኘ ግዛት አላውቅም» በሚል አቋም እንጂ።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የተሸነፈችው ኢጣልያ የሰላም ውል ስትፈርም፣ የኢትዮጵያን ነፃነትና ሉዓላዊነት እንድታከብር፣ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል፣ የዘረፈችውንም ቅርስ እንድትመልስ ተገደደች። ለሌሎቹ ተዋጊ አገሮች ሁሉ ጦርነቱ የሚቆጠረው ከ1931 ወይም ከ1932 ዓ.ም. ወዲህ ነበር። ለኢትዮጵያ ግን ውሉ ለብቻው አንድ ቀን ጻፈ፤ ኢጣልያ በኢትዮጵያ ላይ ለፈጸመችው ተግባር ኀላፊነቷ የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ጀምሮ ነው ብሎ። መስከረም 22 ቀን 1928 ማለት ነው። ዓለም ያን ቀን አልረሳውም፤ ስለ ተጻፈ አልረሳውም። የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ወደ ቦታው የተመለሰው በዚያው የፓሪስ ውል መነሻነት ነው። 58 ዓመት ዘግይቶ! ዘገየ እንጂ አልቀረም።

አባቶቻችን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ሲሉ ይህን ነበር የሚሉት። ጥይት ይሳሳታል፣ ይዝጋል፣ ያልቃል። ወረቀት የያዘውን ይዞ ይጠብቃል።

ሶዶ ምን ከፈለች?

ይህን ሁሉ የምጽፈው በዳሞታ ተራራ ግርጌ ካለች ከተማ ሆኜ ነው። እናም አንድ ጥያቄ ይከነክነኛል። ውሉን ሲፈርሙ ማንን ጠየቁ? በ1920 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አልነበረም፤ ፓርላማ አልነበረም። የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የተሰጠው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1923 ዓ.ም. ነው። የወላይታ ገበሬ ኮራ የሚባል ሰው መኖሩን፣ አምስተኛ አንቀጽ የሚባል ነገር መጻፉን የነገረው አልነበረም። ውሉ ሲፈርስ ግን ዕዳው እርሱ ቤት ደረሰ።

ጦርነቱ የተጀመረው በጊፋታ ሰሞን ነው። የወላይታ ሰው አዲሱን ዓመቱን ተቀብሎ ገና ሳይረካ የክተት አዋጅ ተነገረ። ሶዶ ከተያዘች በኋላ ወላይታ መቀመጫው ጅማ በሆነው ገላና ሲዳማ ብለው በሰየሙት ግዛት ሥር ወደቀች። ውሉ በተፈረመበት ዓመት ሶዶ የገቡት የሱዳን ውስጥ ሚሲዮን ወንጌላውያን በ1929 ዓ.ም. ተባረሩ። ትተዋቸው የሄዱት አማኞች ከጥቂት ደርዘን አይበልጡም ነበር። እንደ ዋንዳሮ ያሉት መሪዎቻቸው ታሰሩ፣ ተገረፉ፣ የጸሎት ቤቶቻቸው ፈረሱ። ከነፃነት በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ግን ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ምእመን ጠበቃቸው። የማንኛውም ሃይማኖት ተከታይ ይሁን፣ ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ይረዳል፤ በጉልበት የመጣ ገዥ የሕዝብን ልብ አይገዛም።

ሶዶን ነፃ ያወጣትስ ማን ነው? ግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. በቢላቴ ወንዝ አጠገብ፣ ቁሊቶ ላይ፣ የኢጣልያ ታንኮች በምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ላይ ተነሡ። ከኬንያ የመጣው ሳጅን ናይጄል ሊኪ በእግሩ ታንክ ላይ ወጥቶ ከከፈተ በኋላ እዚያው ወደቀ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ከፍተኛው የጀግንነት ኒሻን ከሞተ በኋላ ተሰጠው። ከእርሱ ጋር የተዋጉት አብዛኞቹ ግን ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከታንጋኒካ መንደሮች የመጡ ጥቁር አፍሪካውያን ነበሩ። ኒሻንም ስምም አልደረሳቸውም። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 14፣ ሶዶ ከፋሺስት እጅ ወጣች። አዲስ አበባ ላይ የተፈረመ፣ ሮማ ላይ የተቀደደ ውል ዕዳውን የከፈለው ስሙን እንኳ ሰምቶ የማያውቅ የኬንያ ገበሬ ልጅ ነው። ውል የሚፈርሙት ጥቂቶች ናቸው፤ የሚያፈርሱትም ጥቂቶች ናቸው፤ የሚከፍለው ግን ያልተጠየቀው ነው።

የራሳችንም እጅ ንጹሕ አይደለም

እስካሁን የጻፍኩትን ያነበበ ሰው በኢጣልያ ላይ ጣቱን ቀስሮ ይሆናል። እኔ ደግሞ የቀሩትን ጣቶች ላሳይ።

ዓፄ ምኒልክ የውጫሌን ውል መሻራቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት ያስታወቁት በ1885 ዓ.ም. ነው። አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ፣ በኢጣልያንኛ ሌላ ስለሚናገር፣ ትንሹን መንግሥት በተንኮል የትልቁ ሎሌ ስለሚያደርግ። ትክክል ነበሩ። ዐድዋም ትክክል መሆናቸውን አስመሰከረ። ነገር ግን ያ ደብዳቤ ከተጻፈ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1887 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጦር መርተው ወደ ጎረቤታቸው ወደ ወላይታ መንግሥት ዘመቱ። ካዎ ጦና አልገብርም ብለው ተዋጉ፤ ቆስለው ተማረኩ። የወላይታ ሕዝብ የከፈለውን ደም ከዘመቻው ጋር አብሮ የተጓዘው ፈረንሳዊ ቫንደርሃይም ጽፎታል። ቀድመው በስምምነት የገበሩት የጅማው አባ ጅፋር ግን ግብራቸውን እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ኖሩ፤ እርሳቸው በ1920ዎቹ አጋማሽ ሲያርፉ ያም ስምምነት አብሮ ተቀበረ።

ይህን የማነሣው ቁስል ለመቆስቆስ አይደለም። ለማስታወስ ነው። ከሮማ የምንጠይቀውን የቃል ክብር በአገራችን ውስጥ ደካማ ለሆነው ወገን ካልሰጠን፣ ለራሳችን ሲሆን የምንጮኸው ስለ ፍትሕ ሳይሆን ስለ ተሸነፍን ነው ማለት ነው።

ወደ ቅርቡ ልምጣ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኤርትራ አልጀርስ ላይ የሰላም ውል ተፈራረሙ። የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔ የመጨረሻና አስገዳጅ እንዲሆን ሁለቱም ተስማሙ። ኮሚሽኑ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ወሰነ። ባድመ ለኤርትራ ሆነች። የኢትዮጵያ መንግሥት ውሳኔውን «በመርሕ» መቀበሉን በ1997 ዓ.ም. ቢናገርም ሙሉ በሙሉ መቀበሉን ያስታወቀው ግንቦት 2010 ዓ.ም. ነው። አሥራ ስድስት ዓመት! የኤርትራ መንግሥትም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። የካሣ ኮሚሽኑ ኤርትራ በ1990 ዓ.ም. ኃይል በመጠቀሟ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር መጣሷን በይኖባታል፤ የሰላም አስከባሪውንም ጦር እንቅስቃሴ አንቃ እንዲወጣ አድርጋለች። ሁለቱም ወገን ከውሉ የሚጥመውን ጎርሶ የሚመረውን ተፋ።

ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. አስመራ ላይ በተፈረመው የጋራ መግለጫ ደግሞ የጦርነቱ ዘመን ማብቃቱ ተበሠረ፤ የትራንስፖርትና የንግድ ግንኙነት እንዲቀጥል፣ የድንበሩ ውሳኔም እንዲፈጸም ተባለ። ሶዶ ላይም እንደ ሌላው አገር ደስ ብሎን ነበር። ማን ደስ የማይለው አለ? በ2011 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዕለት ወደ አሰብ የሚወስደው የቡሬ በር ተከፈተ፤ መሪዎቹም በቦታው ተገኙ። ዓመት ሳይሞላው በሩ ተመልሶ ተዘጋ። ድንበሩም ሳይካለል ቀረ።

እንግዲህ ያን ጊዜ የጠየቀ ማን ነው? ቅቤው አልመጣም ብሎ ሽማግሌ የጠራ ማን ነው? እኔም አልጠየቅኩም፤ እናንተም አልጠየቃችሁም። የኖቤል ሽልማቱን እያጨበጨብን ተቀበልን። የአሰብ መንገድ በ1920ዎቹ ሳይሠራ ሲቀር አያቶቻችን አላወቁም ነበር። የአሰብ መንገድ በ2011 ሲዘጋ ግን እኛ በቴሌቪዥን እያየን ነበር። የማን ጥፋት ይብሳል? ከዚያ በኋላ የመጣውን፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረውን የትግራይ ጦርነትና ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የቆመበትን ውል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የዚያን ውል ትንንሽ አንቀጾች፣ የተፈናቃዮችን መመለስ የሚመለከተውን ጨምሮ፣ አፈጻጸማቸውን የሚከታተል አንባቢ ስንት ነው?

ስለዚህ ምን ይደረግ?

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ የቀይ ባሕርን ጉዳይ በይፋ ካነሡ ወዲህ የወደብ ነገር የአገር መነጋገሪያ ሆነ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ዓመት ሳይቆይ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር የአንካራው መግለጫ ተከተለ። መጋቢት 2017 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለምክር ቤቱ በቀይ ባሕር ምክንያት ከኤርትራ ጋር የመዋጋት ሐሳብ እንደሌላቸው ተናገሩ። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት ኤርትራን ለጦርነት ትዘጋጃለች ብሎ ለተባበሩት መንግሥታት ከሰሰ። ከአንዱ መግለጫ ወደ ሌላው የተሸጋገርንበትን ፍጥነት ተመልከቱ።

ለባሕር በር የሚደረገውን ትግል አልቃወምም። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር ወደብ ያሻዋል ማለት ወንጀል አይደለም። አገር ሲወረርም መከላከል ግዴታ ነው፤ ዐድዋን ያከበረ ሰው ይህን አይክድም። የምቃወመው «ውል ወረቀት ነው» እያሉ ልጆቻችንን ወደ ምሽግ የሚገፉትን ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን እሰጋለሁ።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ሶዶ የክልሉ የፖለቲካ መቀመጫ ሆናለች። ከዚህ ዞን ተመርጠው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚቀመጡ እንደራሴዎች አሉን። የምንጠይቃቸውም ብዙ አይደለም። ከጎረቤት አገር ጋር የሚፈረም ማናቸውም ስምምነት ሙሉ ቃሉ ታትሞ በአደባባይ ይነበብ። የሆርና የላቫል ዕቅድ የከሸፈው ስለ ተነበበ መሆኑን አንርሳ። እያንዳንዱ አንቀጽ፣ ከታላቁ የሰላም አንቀጽ እስከ ትንሿ የኬላ አንቀጽ፣ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም የሚል ሪፖርት በየዓመቱ ለምክር ቤቱ ይቅረብ። አንዱ አንቀጽ ሳይፈጸም ሲቀር፣ በማን ጥፋትም ይሁን፣ ግልግል የሚጠየቀው ያኔውኑ ይሁን፤ ከተኩስ በኋላ አይደለም። ተዋጊ ከወላይታ ከመጠራቱ በፊት ወረቀቱ ወላይታ ይድረስ!

ወዳጄ ሆይ፣ በሚቀጥለው ስንገናኝ ቡናውን እኔ እጋብዝሃለሁ። የ1920ው ውል ከንቱ ነበር እንዳትለኝ። ከንቱ የነበረው ትንንሽ አንቀጾቹ ሲሞቱ ዝም ያለው ትውልድ ነው። እኛ ደግሞ በቡሬ በር ጉዳይ ያው ትውልድ መሆናችንን አሳይተናል። ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የምንለቀው እኛ ነን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉና፣ ለልጆቻችን የምናወርሰው በመሳቢያ የተቆለፈ ውል ሳይሆን ራሳቸው አንብበው የሚጠብቁት ውል ይሁን።

ቸር ይግጠመን።